ደማቅ የመልክዓ ምድር ሥዕልን በእጅ መቅዳት፦ ከባዶ ሸራ እስከ ቫርኒሽ

የሆላንዳዊውን ሠዓሊ የቫን ጎግን የስንዴ ማሳ ሥዕል በእጃቸው ለመቅዳት የሚነሡ ብዙዎች መሃል ላይ ይተዉታል። ሰማዩ አመድ ይመስልባቸዋል። ዛፉ ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል። ስንዴው ብርቱካናማ ይሆንና ዓይን ይወጋል። ከዚያ «ደህና ቀለም ስላልገዛሁ ነው» ይላሉ። የቀለሙ ጥፋት አይደለም። ጨለማውንና ብርሃኑን ሳይለዩ በቀጥታ ወደ ቀለም ስለሮጡ ነው። ደማቅ ሥዕል ዓይንን በቀለሙ ይወስዳል። ሥዕሉን የሚያቆመው ግን የጨለማና የብርሃን ልዩነቱ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ቀለም የሚጀምረው ዘግይቶ ነው። እባካችሁ አትዝለሉ።

የምንሠራው በአንድ ሥዕል ላይ ነው፤ ቪንሰንት ቫን ጎግ እ.ኤ.አ. በ1889 በሳሉት «የስንዴ ማሳ ከጥድ ዛፎች ጋር»። ለመማሪያ የመረጥኩት ክፍሎቹ በግልጽ ስለሚለዩ ነው። ሰማይ፣ ተራራ፣ ቁጥቋጦ፣ ጥድ፣ ስንዴ። ጥዶቹ እኛ የፈረንጅ ጥድ የምንለው ዛፍ ዘመድ ናቸው፤ ቅርጻቸው ለዓይናችን እንግዳ አይደለም። አካሄዱን ከያዛችሁ በኋላ በሌላ ደማቅ መልክዓ ምድር ላይም ይሠራል።

ደረጃ 1፦ ትክክለኛውን ምስል ያዙ

1. ምስሉን ከሙዚየሙ ገጽ አውርዱ። ሥዕሉ ያለው ኒው ዮርክ በሚገኘው ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ነው፤ ሙዚየሙም ትልቅ ፎቶውን በነጻ ለቆታል። በየቦታው የተለጠፉ ኮፒዎች ቀለማቸው የተነካካ ነው። አንዱ ቢጫውን አጋንኖታል፣ ሌላው ሰማዩን አረንጓዴ አድርጎታል።

2. የትኛው እንደሆነ አረጋግጡ። ቫን ጎግ ይህንኑ እይታ በዚያው ዓመት ደግመው ሥለውታል። አንዱ ለንደን በብሔራዊ ጋለሪ ይገኛል። ሲያዩአቸው ይመሳሰላሉ፤ ደመናውና የቀለም አጣጣሉ ግን ይለያያል። ግማሹን ከአንዱ ግማሹን ከሌላው እያዩ የሚሠሩ ሰዎች ሥዕሉ ለምን አልገጥም እንዳላቸው አይገባቸውም።

3. ሁለት ጊዜ አሳትሙ። አንዱ ባለ ቀለም፣ አንዱ ጥቁርና ነጭ። ሁለቱም ኤ3 ወረቀት ላይ፣ የምስሉ ወርድ 36 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 28.2 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ማተሚያ ቤቱ «ወረቀቱን እንሙላው» ካላችሁ እምቢ በሉ። ሥዕሉ ከጎን ይቆረጣል ወይም ይለጠጣል።

4. ስልክና ኮምፒውተር ላይ የምታዩ ከሆነ ማታ ማታ ስክሪኑን ቢጫ የሚያደርገውን ሁኔታ አጥፉ። የስክሪኑን ብርሃንም አንድ ቦታ ላይ አቁሙት። ዛሬ በደማቅ፣ ነገ በደብዛዛ ስክሪን እያዩ ቀለም ማመሳሰል አይቻልም።

ስለ መብት አጭር ነገር። ቫን ጎግ ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1890 ነው፤ ሥራቸውን መቅዳትም መሸጥም ይቻላል። ሌላ ሥዕል ስትመርጡ ግን የሠዓሊውን የሞት ዓመት እዩ። በእኛ አገር የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ጥበቃው ሠዓሊው ካረፈ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። በአውሮፓ 70 ዓመት ነው። ለምሳሌ ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1981 ስለሆነ ሥራዎቻቸው ገና ጥበቃ ላይ ናቸው። ለልምምድ ቤት ውስጥ መሞከር አንድ ነገር ነው። ቀድቶ ገበያ ማውጣት ሌላ ነገር ነው።

ደረጃ 2፦ ዕቃ አሰባስቡ

ይህ ሥዕል የዘይት ቀለም ይፈልጋል። አክሬሊክ (በውኃ የሚቀጥን ቀለም) ብቻ ካላችሁም ይሠራል፤ ለእሱ የሚያስፈልገውን ማስተካከያ ደረጃ 6 መጨረሻ ላይ አስቀምጫለሁ።

ቀለም፦ ቲታኒየም ነጭ (ትልቁን ቱቦ ግዙ፣ ከሁሉም በፊት የሚያልቀው እሱ ነው)፣ ሎሚ ቢጫ፣ ካድሚየም ቢጫ፣ የሎው ኦከር (የአፈር ቢጫ)፣ ካድሚየም ቀይ ፈዛዛው፣ አንድ ሮዝ ቀይ፣ ኮባልት ሰማያዊ፣ አልትራማሪን ሰማያዊ፣ ቪሪዲያን አረንጓዴ። ጥቁር አትግዙ። ቤት ካለም ደብቁት።

ኮባልት ውድ ነው። ቱቦው ላይ «ሂዩ» የሚል ከተጻፈበት ምትኩ ነው፤ ለዚህ ሥራ ይበቃል። ቪሪዲያን ጠፍቶ ታሎ አረንጓዴ ከገዛችሁ ግን ተጠንቀቁ። ጉልበቱ ብዙ እጥፍ ነው። በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ እየነካችሁ ጨምሩ፣ አለበለዚያ ፓሌቱን (ቀለም የምታዋሕዱበትን ሰሌዳ) ሁሉ ይውጠዋል።

ክሮም ቢጫ አትፈልጉ። ቫን ጎግ በስንዴው ላይ የተጠቀሙበት ቀለም ነው፤ ግን እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት አለበት፣ ከዘመን ብዛትም ይጠቁራል። ካድሚየም ቢጫ ቦታውን ይሸፍናል።

ቡሩሽ፦ ቢያንስ ስድስት። ጠንካራ ጸጉር ያላቸው ጠፍጣፋ ቡሩሾች በተለያየ ስፋት፣ ሁለት ክብ፣ አንድ ቀጭን። ብዛቱ ቅንጦት አይደለም። ለቢጫው፣ ለሰማያዊው፣ ለአረንጓዴው፣ ለነጩ የየራሱ ቡሩሽ ያስፈልጋል። ቀለም የሚቆሽሸው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቡሩሽ ሁሉን ለመሥራት ሲሞከር ነው።

ሌላ፦ የፓሌት ቢላ፣ የተልባ ዘይት፣ አኳራጅ (ሽታ አልባ ማቅጠኛ ካገኛችሁ እሱ ይሻላል)፣ አሮጌ የጥጥ ጨርቅ፣ ማስመሪያ፣ የሥዕል ከሰል፣ ግልጽ ፕላስቲክ።

ማስጠንቀቂያ። አኳራጅ ባለበት ክፍል የከሰል ምድጃ፣ ሻማ፣ ዕጣን አይኑር። መስኮት ክፈቱ። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ በራሱ ግሎ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ስትጨርሱ ውኃ ውስጥ ንከሩት ወይም ዘርግታችሁ ደጅ አድርቁት። የዘይት ቀለም በእጅ እየነካችሁ አትብሉ፣ አታጭሱ።

ደረጃ 3፦ ሸራውን አዘጋጁ

የሸራችን መጠን ወርዱ 60፣ ቁመቱ 47 ሳንቲ ሜትር ነው። ዋናው ሥዕል 93.4 በ73.2 ነው፤ ምጣኔያቸው አንድ ነው። በገበያ የሚገኘውን 60 በ50 ዝግጁ ሸራ ከገዛችሁ ከላይና ከታች 1.5 ሳንቲ ሜትር በቴፕ ሸፍኑ። ሥዕሉን ለጥጣችሁ አትሙሉት። ጥዱ ይረዝማል፣ ተራራውም ያብጣል።

ራሳችሁ የምትወጥሩ ከሆነ እንዲህ ነው፦

1. ወፈር ያለ አቡጀዲ 70 በ57 ሳንቲ ሜትር ቁረጡ። በፊት እጠቡትና በካውያ ተኩሱት።

2. ፍሬሙ ላይ ስትወጥሩ ከየጎኑ መሃል ጀምሩ። አንድ ስቴፕል ከላይ፣ አንድ ከታች፣ ከዚያ ግራ፣ ከዚያ ቀኝ። ከመሃል ወደ ማዕዘን እየተፈራረቃችሁ ሂዱ። ከማዕዘን ከጀመራችሁ ሸራው ይጠማዘዛል፣ በኋላ ማቃናት አይቻልም።

3. ነጭ የእንጨት ኮላ በውኃ አቅጥናችሁ ሁለት ጊዜ ቀቡ። በመሃል ይድረቅ። ይህ ዘይቱ ጨርቁን እንዳይበላው ይከላከላል።

4. ጄሶ (ለሥዕል ሸራ የሚሆነውን ነጭ የመነሻ ቀለም እንጂ የግንባታውን ጄሶ አይደለም) ሦስት ጊዜ በስሱ ቀቡ። አንዱን አግድም፣ ቀጣዩን ቁልቁል። እያንዳንዱ ሲደርቅ በቀጭን የብርጭቆ ወረቀት ዳሰስ አድርጉት።

የግድግዳ ነጭ ቀለም በጄሶ ፋንታ አትጠቀሙ። ርካሽ ነው፤ ግን ዘይቱን ይመጠውና ቀለሙ ይደበዝዛል፣ በኋላም ሊላጥ ይችላል።

5. መጨረሻ ላይ የሎው ኦከርን ከነጭ ጋር አድርጋችሁ በአኳራጅ በጣም አቅጥኑና ሸራውን በሙሉ በጨርቅ ቀቡት። የቀረው ቀለም እንደ ፈዛዛ ሻይ ሳሳ ያለ ይሁን። በነጭ ሸራ ላይ ማንኛውም ቀለም ከሆነው በላይ ጨለማ ይመስላል። ብዙ ሰው ሰማዩን አንጥቶ የሚያበላሸው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ቀን ይድረቅ።

ደረጃ 4፦ በመስመር መረብ ንድፉን አስተላልፉ

1. ሁለቱንም ህትመቶች ወደ ጎን 8 ቦታ፣ ወደ ታች 6 ቦታ ክፈሉ። አንዱ ክፍል 4.5 በ4.7 ሳንቲ ሜትር ይሆናል።

2. ሸራውንም በዚያው ቁጥር ክፈሉ። አንዱ ክፍል 7.5 በ7.8 አካባቢ ነው። መስመሩን በከሰል በስሱ አስምሩ። እርሳስ አይሁን፤ በፈዛዛ ቀለም ውስጥ ይታያል።

3. ከላይ ፊደል፣ ከጎን ቁጥር ጻፉ። ሀ1፣ ለ3 እያላችሁ ትሄዳላችሁ። ያለ ቁጥር የሠራ ሰው መሃል ላይ ሳያውቀው አንድ ክፍል ይዘላል።

4. መጀመሪያ አምስት መስመሮችን ብቻ አስቀምጡ፤ የስንዴውን የላይኛ ጠርዝ፣ የቁጥቋጦውን ጠርዝ፣ የተራራውን ጀርባ፣ የትልቁን ጥድ ዙሪያ፣ የትንሹን ጥድ ዙሪያ። ሦስት ሜትር ርቃችሁ እዩ። ልክ ከሆኑ ብቻ ወደ ደመናው እጥፋት ግቡ።

ደመናውን በዝርዝር አትንደፉ። የጥቅሉን ዋና ዋና መዞሪያ ብቻ ምልክት አድርጉ። በንድፍ የታሰረ ደመና ሲቀባ ደረቅ ይሆናል።

ካልገጠመ፦ ንድፉን መስተዋት ውስጥ እዩት። የተዛነፈው ቦታ ወዲያው ይታያችኋል። ከሰሉን በደረቅ ጨርቅ አራግፉና ያንን ክፍል ብቻ ድገሙት። ሲያልቅ የቀረውን ንድፍ በቀጠነ አልትራማሪን በቀጭን ቡሩሽ አጽኑት፤ ከዚያ ከሰሉን ጥረጉ።

ደረጃ 5፦ ጨለማና ብርሃኑን ለዩ

ሁሉ የሚወሰነው እዚህ ነው። አንድ ሙሉ ቀን ስጡት።

1. ጥቁርና ነጩን ህትመት ፊታችሁ አድርጉ። ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ እዩት። ዝርዝሩ ይጠፋል፣ ትልልቁ ጨለማና ብርሃን ይቀራል።

2. አምስት ደረጃ ስጡ። 1 በጣም ብርሃን፣ 5 በጣም ጨለማ። ደመናው 1 ነው። ስንዴው 2 አካባቢ ነው። ሰማዩ በ2 እና በ3 መካከል ይውላል። ተራራውና ፈዘዝ ያለው ቁጥቋጦ 3፣ የቁጥቋጦው ጥላ 4፣ ጥዱ 5።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሰማያዊውና ቢጫው በቀለም በጣም ይለያያሉ፤ በጥቁርና ነጭ ሲታዩ ግን ከምታስቡት በላይ ይቀራረባሉ። ዓይን «ሰማያዊ ነውና ይጨልማል» ብሎ ያታልላችኋል። አትመኑት። ህትመቱን እመኑ።

3. አልትራማሪንን ከትንሽ ቀይ ጋር አዋሕዱ፣ በአኳራጅ አቅጥኑ። በዚህ አንድ ቀለም ሥዕሉን በሙሉ በስሱ ሣሉት። 5 ቁጥር ወፈር ይበል። 1 ቁጥር ምንም አይነካ።

4. ሸራውን በስልክ ፎቶ አንሡ፣ ፎቶውን ጥቁርና ነጭ አድርጉት፣ ከህትመቱ ጎን አስቀምጡት። ጥዱ ከሁሉም በላይ ጨለማ ሆኖ ጎልቶ ካልወጣ ገና ነው። ተራራው ከጥዱ ጋር እኩል ከጨለመም ገና ነው።

ከጨለመባችሁ፦ አኳራጅ በነካ ጨርቅ ጠረግ አድርጉ። ይህ ቀጭን ንብርብር እርጥብ እያለ በቀላሉ ይለቃል። ሁለት ቀን አድርቁት። በክረምት ከዚያ በላይ ይፈልጋል።

ደረጃ 6፦ ቀለሙን ከመቀባት በፊት አዋሕዱ

እየቀቡ ማዋሐድ የጀማሪ ሁሉ ወጥመድ ነው። ቡሩሹ አንዴ ፓሌት አንዴ ሸራ ላይ ሲመላለስ ሁሉም ቀለም ወደ አንድ ቡናማ ጭቃ ይሄዳል። ለአንድ ክፍል የሚበቃውን ቀለም በሙሉ በቢላ አዋሕዳችሁ በየክምሩ አስቀምጡ። ቡሩሽ ለማዋሐድ አይነካ።

ሰማይ፦ ኮባልት በነጭ። ሦስት ክምር፤ ጠቆር ያለ፣ መካከለኛ፣ ፈዛዛ። ፈዛዛው ላይ የቪሪዲያን ጠብታ።

ደመና፦ ነጭ ከትንሽ ኦከር ጋር ለብርሃኑ። ለጥላው ነጭ፣ ኮባልትና እጅግ ጥቂት ሮዝ። ሌላ አንድ ክምር ነጭ በቪሪዲያን፣ ፈዛዛ አረንጓዴ የሚሆን።

ተራራ፦ አልትራማሪን፣ ኮባልት፣ ነጭ። አንዱ ክምር ወደ ሐምራዊ ያዘንብል።

ቁጥቋጦና ወይራ፦ ቪሪዲያን በሎሚ ቢጫና በነጭ፤ ሌላው ቪሪዲያን በኮባልትና በነጭ። ቪሪዲያንን ለብቻው አትጠቀሙ፤ የፕላስቲክ መልክ አለው።

ጥድ፦ ቪሪዲያን፣ አልትራማሪንና ትንሽ ቀይ ለጨለማው። ከዚያ ሁለት ፈዘዝ ያሉ አረንጓዴዎች በኦከርና በቢጫ።

ስንዴ፦ ካድሚየም ቢጫ በነጭ፣ ኦከር በነጭ፣ ኦከር በጣም ጥቂት አረንጓዴ የነካ። ቀይ አትጨምሩ! ስንዴውን ብርቱካናማ የሚያደርገው «ሞቅ ይበል» ተብሎ የሚጨመር ቀይ ነው።

ቀይ አበቦቹ፦ ካድሚየም ቀይ ብቻ፣ ሳይዋሐድ።

ሙከራ። ግልጹን ፕላስቲክ ባለ ቀለሙ ህትመት ላይ አድርጉ። ከክምሩ ትንሽ በቢላ ወስዳችሁ ፕላስቲኩ ላይ፣ ከሚመስለው ቦታ ጎን ለጎን አኑሩ። ሦስት ጥያቄ በተራ ጠይቁ። ከታተመው ይጨልማል ወይስ ይበራል? ወደ የትኛው ቀለም ያዘነብላል? ይደምቃል ወይስ ይደበዝዛል? የመጀመሪያውን ሳትመልሱ ሁለተኛው ላይ አትሂዱ። በጣም የደመቀውን ለማለዘብ ጥቁር ሳይሆን ተቃራኒውን ቀለም በጥቂቱ ጨምሩ፤ ለአረንጓዴ ቀይ፣ ለሰማያዊ ትንሽ ብርቱካናማ።

በአክሬሊክ የምትሠሩ፦ አክሬሊክ ሲደርቅ ይጨልማል። ክምሩን ከታተመው አንድ ደረጃ አብሩት፣ ወረቀት ላይ ቀብታችሁ አድርቁና አመሳክሩ። ውፍረት ለማግኘት ሞዴሊንግ ፔስት (ቀለም የሚያወፍር ሊጥ) ቀላቅሉ፤ ፓሌቱንም በውኃ መርጫ አርጥቡት።

ደረጃ 7፦ ቅቡ

ቅደም ተከተሉ ከሩቅ ወደ ቅርብ ነው፤ ሰማይና ደመና፣ ተራራ፣ ቁጥቋጦ፣ ጥድ፣ ስንዴ፣ አበባ። አንድ ክፍል በአንድ ቀን ጨርሱ።

1. የአጣጣሉን አቅጣጫ መጀመሪያ በእጃችሁ ተለማመዱ። ቀለም በሌለው ቡሩሽ ህትመቱ ላይ እያንዳንዱን ጭረት ተከተሉ። ደመናው ይጠቀለላል፣ ስንዴው ይተኛል፣ ጥዱ እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ይወጣል። ቀለሙ ልክ ሆኖ አቅጣጫው ከተሳሳተ ሥዕሉ ይሞታል።

2. ቀለም በብዛት ያዙ። ቫን ጎግ ራሳቸው ለወንድማቸው ሲጽፉ ይህን ሥዕል በወፍራም ቀለም እንደሠሩት ነግረውታል። ቆጥባችሁ ከቀባችሁ የታተመ ፖስተር ይመስላል። የመጀመሪያውን ንብርብር በትንሹ አቅጥኑ፤ ላይኛውን ከቱቦው እንደወጣ ወይም ጥቂት ተልባ ዘይት ጨምራችሁ ቅቡ። ከታች ዘይት የበዛበት፣ ከላይ የቀጠነ ከሆነ ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

3. አንድ ጭረት ጣሉ፣ ተዉት። ደግማችሁ አትዳስሱት። በእርጥብ ቀለም ላይ ሦስተኛ ጊዜ የሄደ ቡሩሽ ሁልጊዜ ያቆሽሻል።

4. በየጥቂት ጭረቱ ቡሩሹን በጨርቅ ጥረጉ። በአኳራጅ ካጠባችሁት በደንብ አድርቁት። የረጠበ ቡሩሽ ቀለሙን ያፈስሰዋል።

5. ጥዱን ከውስጥ ጀምሩ። ጨለማውን አኑሩ፣ ከዚያ ፈዘዝ ያሉትን አረንጓዴዎች በላዩ በተናጠል ጣሉ። በጥዱና በሰማዩ መካከል ያለውን ጠርዝ በመስመር አትዝጉት፤ ጭረቶቹ ወደ ሰማዩ ይውጡ።

6. አበቦቹን መጨረሻ ላይ፣ ስንዴው ጥቂት ቀን ከደረቀ በኋላ። ቀዩ በእርጥብ ቢጫ ላይ ካረፈ ብርቱካናማ ይሆናል።

በየሰዓቱ ተነሥታችሁ ሦስት ሜትር ራቁ። በቀን ብርሃን ሥሩ። ቢጫ አምፖል ስር የተዋሐደ ሰማያዊ ጠዋት ሌላ ቀለም ሆኖ ይጠብቃችኋል።

ደረጃ 8፦ ሲበላሽ

ጭቃ ከሆነ፦ ላዩ ላይ ንጹሕ ቀለም አትጨምሩ። እርጥብ እያለ በፓሌት ቢላ ሙልጭ አድርጋችሁ ግፈፉ፣ በጨርቅ ጥረጉ፣ እንደገና ጣሉ። መግፈፍ ውድቀት አይደለም፣ የሥራው አካል ነው።

ጥዱ ጥቁር ጉድጓድ ከመሰለ፦ ጨለማውን አታብሩት። በላዩ የጣላችሁት አረንጓዴ አንሷል ማለት ነው። ኦከር የነካ አረንጓዴ ጭረት ጨምሩ።

ሰማዩ አመድ ከሆነ፦ የደመናው ኦከር ወደ ሰማያዊው ገብቷል። ግፈፉና በንጹሕ ቡሩሽ ድገሙት።

ሁሉም ደምቆ ምንም የማይታይ ከሆነ፦ ወደ ስልኩ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ተመለሱ። ደረጃዎቹ ተጠጋግተዋል። አብዛኛውን ጊዜ ቁጥቋጦው ነው የበራው።

ከደረቀ በኋላ ስሕተት ካያችሁ፦ የተቆለለውን በቢላ ቀስ ብላችሁ ቆርጣችሁ አንሡና በላዩ ቅቡ። የብርጭቆ ወረቀት ከተጠቀማችሁ ጭምብል አድርጉ፤ የካድሚየም ብናኝ ወደ ሳንባ መግባት የለበትም።

ቦታ ቦታው ከደበዘዘ፦ ሥዕሉ ሲነኩት ደርቆ ከሆነ በጣም ጥቂት ተልባ ዘይት በጨርቅ እሹበትና ትርፉን ጥረጉ።

ደረጃ 9፦ ማድረቅ፣ መፈረም፣ ቫርኒሽ

አቧራ የሌለበት፣ አየርና የቀን ብርሃን ያለበት ክፍል አቁሙት። ጨለማ ቁም ሣጥን ውስጥ የደረቀ የዘይት ቀለም ይቢጫል። ፀሐይ ላይም አታስጡት። ስስ ቦታው በሳምንት ሊደርቅ ይችላል፤ ወፍራሙ ግን ወራት ይፈጃል።

የቫን ጎግን ፊርማ አታስመስሉ። በራሳችሁ ስም ፈርሙ፤ ከጀርባውም ስማችሁን፣ ቀኑን፣ «ከቪንሰንት ቫን ጎግ ሥራ በእጅ የተቀዳ» የሚለውን ጻፉ። ሸራችን ከዋናው ማነሱም ለዚህ ይረዳል። ሉቭር ውስጥ እንዲቀዱ የሚፈቀድላቸው ሠዓሊያንም ሸራቸው ከዋናው መጠን እንዲለይ ይጠየቃሉ።

ለውጭ አገር ዘመድ የምትልኩ ከሆነ ይህን ሥዕል አትጠቅልሉት። የተቆለለው ቀለም ይሰነጠቃል። ከነፍሬሙ በሁለት ጠንካራ ካርቶን መሃል፣ ካርቶኑ ቀለሙን ሳይነካ ይታሸግ።

ቫርኒሽ (ሥዕሉን የሚጠብቀውን ግልጽ ሽፋን) ከስድስት ወር በፊት አትንኩ። ወፈር ያለ ከሆነ ዓመት ጠብቁ። ከመቀባታችሁ በፊት ነጭ ጨርቅ በአኳራጅ በትንሹ አርጥባችሁ ጠርዝ ላይ ወፍራሙን ቦታ እሹት። ቀለም ወደ ጨርቁ ከመጣ ገና ነው፤ ወር ጠብቃችሁ ድገሙት። ንጹሕ ከወጣ ሥዕሉን ጠረጴዛ ላይ አጋድማችሁ በሰፊ ለስላሳ ቡሩሽ አንድ ስስ እጅ ቅቡና እስኪደርቅ ሳታነሡት ተዉት።